የሚጨስ እንጂ የማይነድ ጭራሮ

«ዝናብ በመጣ ቁጥር ጭራሮዬ ይጨሳል እንጂ አይነድም። መሬት ላይ ደርድሬ ዙሪያውን በላስቲክ ጠቅልዬዋለሁ። ጓደኛዬ ቤንዚን አርከፍክፍበት ይለኛል። ምን ይሻለኛል?»

ወንድሜ፣ ቤንዚኑን እርሳው። ክብሪቱ እንጨቱን ሳይነካ ተኑ ይያያዝና ፊትህን ይልሰዋል።

እኔ የጠረጠርኩት ላስቲኩን ነው። ገልጠህ ውስጡን ዳብሰው። ጠብታ ካገኘህ፣ እርጥበቱ ከመሬት ወጥቶ መሄጃ አጥቷል ማለት ነው። በላስቲክ እንዲህ የታፈነ ስንት ማገዶ አይቻለሁ! አንዱን ጭራሮ ስበር፤ ቀጭ ካላለና ልጡ ከተንጠለጠለ አትድከምበት።

ለምን አይነድም? የምታየው ነበልባል እንጨቱ ሲሞቅ ከውስጡ የሚወጣው ጋዝ ነው። ጋዙ በደንብ እንዲወጣ ሙቀቱ ከ250 ዲግሪ በላይ መድረስ አለበት። ውሃ ካለበት ግን ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ 100 ዲግሪ አካባቢ ይገተራል። አዲስ የተቆረጠ እንጨት የክብደቱ ግማሽ ያህል ውሃ ሊሆን ይችላል። በደንብ የደረቀው ከ20 በመቶ በታች ነው። የክብሪት እሳት ደግሞ ዕድሜው ሰከንዶች ናቸው፤ ሙቀቱን ውሃ ማትነን ላይ ጨርሶት ይጠፋል። ስንጥሩ የሚቀጥነው ለዚህ ነው፤ ቀጭን ነገር ቶሎ ይግላል።

ስለዚህ ከመሬት መልቀሙን ተው። ቆሞ የደረቀ፣ የክንድ ውፍረት ያለው እንጨት ፈልግ። ዝናብ ላዩን እንጂ ልቡን ቶሎ አያርሰውም። ፍለጠው፤ ቅርፊቱንና እርጥብ የሆነውን ላዩን ልጠህ ጣል። ከልቡ የክብሪት እንጨት፣ የእርሳስና የአውራ ጣት ውፍረት ያላቸው ስንጥሮች አውጣ። ከቀጭኑ ሁለት እፍኝ ያዝ። እጀታው የሚወልቅ ርካሽ መጥረቢያ ግን አታንሳ፤ የስንቱን እግር በልቷል!

ጥቂቶቹን ስንጥሮች በቢላ ፋቅ። ፍቅፋቂው ሳይበጠስ ጫፉ ላይ ተጠቅልሎ ይቅር። ቢላውን ከሰውነትህ ወደ ውጭ ግፋ።

እርጥብ መሬት ላይ ሁለት ሦስት ፍልጥ አንጥፍና በዚያ ላይ ፍቅፋቂውን ጠቅጥቀህ ሳይሆን አላልተህ አኑር። ነፋስ በሚመጣበት በኩል ከሥር ለኩስ። አናቱ የሚረግፍ ርካሽ ክብሪት ከሆነ ላይተር ይሻልሃል። ነበልባሉ ሳይጠነክር ወፍራም አትጫንበት። ደከም ካለ ከሥር እፍ በልበት፣ ቀጭን ጨምር። ፍም ላይም ቢሆን ቤንዚን አታፍስስ! እሳቱ ወደ ጀሪካኑ ይመለሳል።

የቀረውን ክምር በሁለት አጣና ላይ ከመሬት አንሳው። ላስቲኩ አናቱን ብቻ ይሸፍን፤ ጎንና ጎኑ ነፋስ ያግኝ።