«ሆርሞኔ ተዛብቷል» ላልሽኝ ልጄ

ሰሞኑን አንዲት ወጣት «ዶክተር፣ ሆርሞኔ ተዛብቷል መሰለኝ፤ ሁሌ ይደክመኛል። ምን ልውሰድ?» ብላ ጻፈችልኝ። ሕክምና አብራን የተማረች ልጅ ትዝ አለችኝ።

ከሁላችንም ጎበዝ ነበረች። ኋላ ላይ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥላት ጀመር። እኛ ሞቆን እጅጌያችንን ሰብስበን ስንቀመጥ እሷ ሹራብ ደርባም ይበርዳታል። ድምፅዋ ሻከረ፣ ፊቷ አበጥ አበጥ አለ። ሲጠይቋት መልሱን ታውቀዋለች፤ ቃሉ እስኪወጣ ግን ይቆያል። መምህራኑ «ሰነፈች» አሉ። ቤተሰቦቿ «ፍቅር ይዟት ነው» አሉ። እሷም ስንፍና ነው ብላ አመነችና ትምህርቱን ትታ ሄደች። ከስንት ጊዜ በኋላ ደሟ ሲመረመር የታይሮይድ ዕጢዋ ደክሞ ተገኘ። በየቀኑ አንዲት ትንሽ ኪኒን መዋጥ ጀመረች፤ በወራት ውስጥ ያቺው የድሮዋ ልጅ ሆነች። ወደ ትምህርቱ ግን አልተመለሰችም። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ያን ሰሞን እኮ ስለ ታይሮይድ እየተማርን ነበር። ምልክቶቹን አንድ በአንድ ሸምድደናቸዋል።

ታይሮይድ አንገት ፊት ለፊት ያለ ዕጢ ነው። ሆርሞኑ ሰውነት ጉልበት የሚያቃጥልበትን ፍጥነት ይወስናል። ሲያንስ የልብ ምት ይዘገያል፣ ሆድ ይደርቃል፣ ሰው ይፈዛል። ከአንጎል ሥር ያለችው አተር የምታክል ፒቱታሪ ዕጢ ታዲያ «ጨምር» እያለች ቲኤስኤች የተባለ ሆርሞን ትልክበታለች። ታይሮይድ ሲደክም ቲኤስኤች ከፍ የሚለው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ይረዳዋል።

ሆርሞን ማለት እንዲህ ከአንዱ የሰውነት ክፍል ወደ ሌላው የሚላክ መልእክት ነው፤ የሚሄደውም በደም ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ቤይሊስና ስታርሊንግ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ወደ አንጀት የሚሄዱትን ነርቮች ቆርጠው አንጀቱ ውስጥ አሲድ ሲጨምሩ ቆሽት እንደ ወትሮው ፈሳሹን አመነጨ። ነርቩ ተቆርጧልና መልእክቱ የደረሰው በደም ነበር ማለት ነው። ተማሪ ሆኜ ይህን ሳነብ የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም።

የዛሬ ልጆች የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ አይታችሁ የጭንቀት ሆርሞን የሚባለውን «ኮርቲሶል ማውረጃ» ትገዛላችሁ። ያናድደኛል። ኮርቲሶል እኮ ጤነኛ ሰው ላይም ጠዋት ከፍ፣ ማታ ዝቅ ይላል። ደግሞ ሳስበው፣ በኛ ጊዜ «ሆርሞኔ ይሆን?» ብሎ የሚጠይቅ ወጣት አልነበረም። ያቺ ልጅ ጠይቃ ቢሆን ኖሮ! ስለዚህ ጠይቁ፤ ቪዲዮውንም እዩ፣ ግዴለም።

አንቺ ግን ልጄ፣ ምንም ከመዋጥሽ በፊት ሐኪም ይይሽ፤ ቲኤስኤችም ተመርመሪ። ድካም የደም ማነስም ሊሆን ስለሚችል እሱም አብሮ ይታይ። ለፀጉርና ለጥፍር የሚሸጠውን ባዮቲን የምትወስጂ ከሆነ ደም ከመስጠትሽ በፊት ንገሪያቸው፤ የታይሮይድ ምርመራ ውጤትን ያሳስታል።