ወጣት ብሔራዊ ቡድናችን ዓለም ዋንጫ ገብቶ ያውቃል? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን መልእክቶች አብዛኞቹ ስለ ወጣትና ታዳጊ ብሔራዊ ቡድኖቻችን ናቸው። ስለዚህ ገጹን ሙሉ ለእነሱ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጅ። ፒያሳ ማኪያቶ የምንጠጣበት ቤት የተነሣ ክርክር ነው፣ አልበርድ ብሏል። አንዱ ጓደኛችን ኢትዮጵያ በወጣቶች ዓለም ዋንጫ ተጫውታለች ይላል። ሌላው ደግሞ ፈጽሞ አልሆነም ብሎ ድርቅ ብሏል። ዓመቱንም አንዴ 1993፣ አንዴ 2001 ይሉታል። እባክህ ገላግለን። (ከፒያሳ)

መልስ፦ ተጫውታለች። ዓመቱም ሁለቱም ልክ ነው፤ በእኛ 1993፣ በፈረንጆቹ 2001።

መጋቢት 1993 ላይ ከ20 ዓመት በታች የአፍሪካ ሻምፒዮና እዚሁ አገራችን ተዘጋጀ። ስምንት አገሮች በሁለት ምድብ ተከፈሉ፣ ከየምድቡ ሁለት ሁለት ቡድን ያልፋል፣ ግማሽ ፍጻሜ የገቡት አራቱም ደግሞ በቀጥታ የዓለም ዋንጫ ትኬት ይቆርጣሉ። የእኛ ልጆች አዘጋጅ በመሆናቸው ማጣሪያ ሳይጫወቱ ነው ውድድሩ ውስጥ የገቡት። ከምድባቸው ያለፉት ግን ተጫውተው ነው። መጨረሻ ላይ አራተኛ ሆኑ። ዋንጫውን አንጎላ ወሰደች፣ ጋና ሁለተኛ፣ ግብጽ ሦስተኛ።

ከዚያ በሰኔ ወር ወደ አርጀንቲና ተጓዙ። ምድባቸው ውስጥ ሆላንድ፣ ኮስታሪካና ኢኳዶር ነበሩ። ሦስቱንም ጨዋታ ተሸነፉና ተመለሱ። ታሪካችን በውጤት ሲጻፍ ይኸው ነው፤ አንድ ተሳትፎ፣ ሦስት ጨዋታ፣ ሦስት ሽንፈት።

ይህን ሰምቶ «ሄደው ተሸንፈው መጡ» ብሎ የሚያልፍ ብዙ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። በዚያ ዓመት አፍሪካን ወክለው የሄዱት አራት ብቻ ናቸው። ናይጄሪያ የለችም፣ ካሜሩን የለችም። እኛ ነበርን። ደግሞ አብረውን ከሄዱት ውስጥ ጋና ማይክል ኤሲየንን ይዛ እስከ ፍጻሜ ደረሰች፣ የተሸነፈችውም በአዘጋጇ በአርጀንቲና ነው፣ 3 ለ 0። ሃቪየር ሳቪዮላ በዚያ ውድድር ብቻ 11 ግብ ያገባበት የአርጀንቲና ቡድን ነው። ግብጽ የዓለም ሦስተኛ ሆነች። መጋቢት ላይ እዚህ የተጫወቱ ቡድኖች ከጥቂት ወራት በኋላ የዓለም ሁለተኛና ሦስተኛ ሆኑ ማለት ነው። የእኛ ልጆች ከእነዚህ ጋር ተሰልፈው ነው አራተኛ የወጡት። ጓደኛችሁ አሸንፏል፣ የዛሬው ማኪያቶ በሌላኛው ሒሳብ ይሁን።

ጥያቄ፦ ከዚያ በኋላ ለምን ደግመን አልገባንም? ልጅ ጠፍቶ ነው? ሁሌ እንደተናደድኩ ነው። (ከለገሃር አካባቢ)

መልስ፦ ልጅ አልጠፋም ወንድሜ። በየሰፈሩ በካልሲ ኳስ የሚጫወቱትን ሕፃናት ቆም ብለህ እያቸው።

እንደ እኔ ችግሩ የቡድን አሠራራችን ነው። ማጣሪያ ሲቀርብ ልጅ ይሰበሰባል፣ ጥቂት ሳምንት ሆቴል ይገባል፣ ይጫወታል፣ ከተሸነፈ ይበተናል። በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ አሠልጣኝ ሌላ ልጅ ይዞ ከዜሮ ይጀምራል። ታዳጊ ተጫዋች የሚያድገው በጨዋታ ብዛት ነው፣ በዓመት ውስጥ ደህና ደህና ተጋጣሚ ካላገኘ ልምምድ ብቻውን የትም አያደርሰውም።

አንጎላን ተመልከት። በ1993 እዚህ መጥታ ዋንጫውን ስትወስድ አሠልጣኟ ኦሊቬራ ጎንሳልቬስ ነበር። እዚህ ያየነው ይኸው ሰው በኋላ ዋናውን ብሔራዊ ቡድን ይዞ በእኛ 1998 ጀርመን ዓለም ዋንጫ ገባ። አንጎላ በታሪኳ የመጀመሪያዋ ነበር! ወጣቶቹን ያሳደገ ሰው ዋናውን ቡድን ሲረከብ ማን ምን እንደሚችል ያውቃል። እኛም በዚያው ዓመት ከአንጎላ ጋር እኩል ትኬት ቆርጠን ነበር፣ ግን ያንን ቡድን መሠረት አድርጎ ወደ ላይ የሚሄድ ሥራ ሳይሠራ ቀረ። ዋናው ቡድናችን ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰው ከ12 ዓመት በኋላ በ2005 ነው፣ ያውም 31 ዓመት ሙሉ ጠፍቶ።

መንገዱም ጠቧል። አሁን ማጣሪያው በዞን ነው። በሴካፋ (የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዞን) ውስጥ ከጎረቤቶቻችን ጋር ተጫውተን ነው አፍሪካ ዋንጫ የምንደርሰው። በ2017 ጥቅምት ዳሬ ሰላም ላይ በተደረገው ከ20 ዓመት በታች ማጣሪያ ያለፉት ታንዛኒያና ኬንያ ናቸው። ለእኔ ይበልጥ የሚቆጨኝ ግን የ2015ቱ ነው፤ ከ17 ዓመት በታች የሴካፋ ማጣሪያ እዚሁ አገራችን ተዘጋጅቶ ያለፉት ሶማሊያና ደቡብ ሱዳን ነበሩ። ልጆቻቸው ይገባቸዋል፣ በደንብ ተጫውተዋል። በሜዳችንና በደጋፊያችን ፊት ማለፍ ያለመቻላችንን ግን በዕድል ብቻ ማሳበብ አይቻልም።

የሜዳውም ነገር አለ። ዋናው ቡድን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የሚቀበለው ስታዲየም አጥቶ የራሱን «የሜዳ ጨዋታ» ሰው አገር እየሄደ ሲያደርግ ዓመታት አሳልፏል። በእነዚያ ዓመታት ታዳጊው ዋልያዎቹን ስታዲየም ገብቶ ሳያይ አደገ። የመሐል ከተማ ልጅ ስታዲየሙ አጠገቡ እያለ ብሔራዊ ቡድኑን በቴሌቪዥን ብቻ ያውቀው ነበር። ይህ ቀላል ጉዳት አይምሰልህ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ልጄ ኳስ ይወዳል፣ ሠፈራችን ባለ የታዳጊዎች ፕሮጀክት ይሠለጥናል። አንድ ሰው መጥቶ «ዕድሜውን ሁለት ዓመት ቀንሱለት፣ ለብሔራዊ ቡድን ይታያል» አለን። ሁሉም የሚያደርገው ነው ይላል። ምን ትመክረኛለህ? (አባት ነኝ፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ጋሼ፣ እባክዎ እንዳያደርጉት። ይህን ስል ከልቤ ነው።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚታወቅ ልንገርዎ። ከ17 ዓመት በታች ውድድር ላይ የልጁ እጅ አንጓ በኤምአርአይ ይታያል። ፊፋ በዓለም ዋንጫ ላይ የጀመረው በ2009 ናይጄሪያ ላይ ነው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው። በልጅነት የእጅ አንጓ አጥንት ጫፍ ላይ የዕድገት መስመር አለ። ልጁ ሲያድግ መስመሩ ቀስ በቀስ ይዘጋል። ከ17 ዓመት በታች የሆነ ወንድ ልጅ ላይ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ መገኘቱ እጅግ አልፎ አልፎ የሚሆን ነገር ነው። ስለዚህ ተዘግቶ ከታየ ልጁ ከውድድሩ ይወጣል። የልደት ካርድ ምንም ይበል ምን፣ አጥንቱን ማስተካከል የሚችል ሰው የለም። በዚህ ምርመራ የወደቁ ተጫዋቾች በዞናችን ውድድሮች በተደጋጋሚ ታይተዋል፣ ቡድኑም ዋና ዋና ልጆቹን በመጨረሻው ሰዓት አጥቶ ይገባል።

ምርመራውን ቢያልፍ እንኳ የሚጎዳው ልጅዎ ነው። 16 ዓመቱ ሆኖ ከ14 ዓመት ልጆች ጋር ሲጫወት በጉልበት ያሸንፋል። ኳስ መቆጣጠር፣ ቀና ብሎ ማየት፣ ቶሎ መወሰን አይማርም፣ ምክንያቱም ሳያስፈልገው ግብ ያገባል። በኋላ እኩዮቹ ጋር ሲገናኝ ያ ጉልበት የለም። ደግሞ የእሱን ቦታ መያዝ የነበረበት እውነተኛ የ14 ዓመት ልጅ አለ። እሱ ሳይታይ ይቀራል።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ሳያስቡት የሚፈጠር ስሕተት አለ፣ ከቀን አቆጣጠር የሚመጣ። የፊፋ መቁጠሪያ ጃንዋሪ 1 ነው። ለምሳሌ በ2025 ኳታር በተካሄደው ከ17 ዓመት በታች ዓለም ዋንጫ መጫወት የሚችለው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2008 ጀምሮ የተወለደ ነው። በእኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 2000 ነው። ኅዳር 2000 የተወለደ ልጅ በፈረንጅ 2007 ነው፣ ሰባት ነው የሚደመርለት። ጥር 2000 የተወለደ ግን 2008 ነው፣ ስምንት ይደመራል። ፓስፖርት ሲወጣ ዝም ብሎ ስምንት የሚደምር ሰው አለ፣ በዚያ የተነሣ ቅን የሆነ ልጅ ሰነዱ ተጋጭቶበት ይቸገራል። የልጅዎን የልደት ካርድና ፓስፖርት አጠገብ ለአጠገብ አድርገው አሁኑኑ ያመሳክሩ።

ያ ሰውዬ የሚያሠለጥን ከሆነም ሌላ ፕሮጀክት ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ ሁሌ ስለ ወንዶች ብቻ ነው የምትጽፉት። እኔ 15 ዓመቴ ነው፣ አማካይ ነኝ። ለሴቶችስ ምን አለ? (ከልደታ)

መልስ፦ እውነትሽን ነው እህቴ፣ ቅሬታሽም ተገቢ ነው። ያውም ሴቶቹ ናቸው በቅርብ ዓመታት ለዓለም ዋንጫ የተጠጉት። በፈረንጆቹ ለ2022ቱ የኮስታሪካ ከ20 ዓመት በታች ሴቶች ዓለም ዋንጫ ቡድናችን እስከ መጨረሻው የማጣሪያ ዙር ደርሶ ነበር። ጋና ናት ያስቆመችን። አንድ ተጋጣሚ ብቻ ነበር የቀረን! ይህ ግን ተገቢውን ያህል አልተወራም። ሎዛ አበራን ታውቂያታለሽ መቼም፣ ማልታ ሄዳ ለቢርኪርካራ ተጫውታለች። ከዚህ ሊግ ተነሥቶ አውሮፓ መጫወት እንደሚቻል በእሷ አይተናል።

ላንቺ ዕድሜ ደግሞ ጥሩ ዜና አለ። ከ17 ዓመት በታች የሴቶች ዓለም ዋንጫ ድሮ በየሁለት ዓመቱ ነበር። ከ2025 ጀምሮ በየዓመቱ ሆኗል፣ እስከ 2029 ድረስ ሞሮኮ ታዘጋጃለች፣ ተሳታፊውም 24 አገር ነው። ስለዚህ አንድ ማጣሪያ ቢያመልጥሽ ዕድሜሽ ካላለፈ በዓመቱ ሌላ አለ። ከወንዶች ጋር ሠፈር ውስጥ መጫወትሽን አታቁሚ፣ ግን በውድድር የሚጫወት የሴቶች ቡድን ውስጥ ግቢ። መራጮች የሚያዩት እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ አሁን ላይ ለመግባት የቱ ይቀላል፣ ከ17 ወይስ ከ20 በታች? የአፍሪካ አገርስ ዋንጫ በልቶ ያውቃል? (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ በቁጥር ከሄድን ከ17 በታች። የወንዶቹ ዓለም ዋንጫ አሁን በየዓመቱ ኳታር ላይ ይካሄዳል፣ 48 አገር ይሳተፋል፣ አፍሪካ አሥር ቦታ አላት። ከ20 በታች ግን አሁንም 24 አገር ነው፣ ለአፍሪካ አራት። በ2025 ከእኛው ዞን ኡጋንዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ17 በታች ዓለም ዋንጫ ገብታለች። ስለዚህ ፌዴሬሽኑ ገንዘብና ጊዜውን መጀመሪያ እዚህ ላይ ቢያውል ደስ ይለኛል፣ ቡድኑንም ዓመት ሙሉ አብሮ ቢያቆየው።

ዋንጫውን በተመለከተ፣ ናይጄሪያ ከ17 በታች አምስት ጊዜ ወስዳለች፣ በ1985፣ 1993፣ 2007፣ 2013 እና 2015። ከ20 በታች ጋና በ2009 ብራዚልን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሆነች። በ2025 ደግሞ ሞሮኮ ቺሊ ላይ አርጀንቲናን 2 ለ 0 አሸነፈች፤ ሁለቱንም ግብ ያሲር ዛቢሪ ነው ያገባው። ዓመቶቹ በሙሉ የፈረንጅ ናቸው፣ ካዛንቺስም እንደ ፒያሳ ክርክር እንዳይነሣ።