በስፓኒሽ ቋንቋ የጤና ሙያ መማር፦ ጥያቄና መልስ

ኮስታሪካ ውስጥ ለስድስት ወራት ጠዋት ጠዋት ስፓኒሽ እየተማርኩ ከሰዓት በኋላ ከአንድ የጤና ቡድን ጋር ስውል ቆይቻለሁ። ለመሄድ የምታስቡ ጠይቁኝ። ከሁሉ በፊት ግን፦ በአገራችሁ ያልተፈቀደላችሁን ሕክምና እዚያም አትሥሩ።

ጥያቄ፦ ስፓኒሽ ከባድ ነው?

መልስ፦ ለምን ሥራ? ገበያ ለመውጣት ነው ወይስ የሕመም ታሪክ ለመቀበል? ለይታችሁ ጠይቁኝ።

ጥያቄ (የነርስ ተማሪ)፦ እህቴ፣ እኔ የሕመም ታሪክ ለመቀበል ነው። ያለኝ እንግሊዝኛ ብቻ ነው፤ ይረዳኛል?

መልስ፦ ከእንግሊዝኛው ይልቅ አማርኛሽ ይረዳሻል። እኛ «ራሴን ያመኛል» እንላለን፤ ስፓኒሽም «ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ» ይላል። ያቺ «ሜ» የእኛ «ኝ» ናት። «ኤስታ ኔርቪዮሶ» ማለት ሰውየው ዛሬ ተጨንቋል ማለት ነው፤ «ኤስ ኔርቪዮሶ» ግን ጭንቀታም ነው ማለት ነው። የታካሚው መዝገብ ላይ አንዷን በሌላዋ ቦታ ብትጽፊ የአንድ ቀን ስሜት የዘወትር ባሕርይ ይሆንበታል። ዕድሜ ስትጠይቂ ደግሞ «አኞስ» በዪ። «ኞ»ን «ኖ» ካደረግሻት የምትጠይቂው ስለ ፊንጢጣ ነው።

ጥያቄ፦ ወጪው ስንት ነው?

መልስ፦ የሚቀበላችሁን ተቋም ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ቡድኑ ምን ይሠራል? አንቺስ ምን ተማርሽ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። እንዲህ ያሉት የጤና ቡድኖች ኤባይስ ይባላሉ፤ የተጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ሐኪምና ረዳት ነርስ አሏቸው፤ አታፕ የሚባል ቤት ለቤት የሚዞር ባለሙያም አለ። አታፕ የክትባት ካርድ ያያል፣ የደም ግፊት ይለካል፣ ትንኝ እንዳይራባበት የውኃ በርሜሉን ጎንበስ ብሎ ይመለከታል።

አንድ ቀን የስኳር ሕመም ወዳለባቸው አንዲት እናት ቤት ሄድን። መድኃኒቱን ይወስዱ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ሲ፣ ሲ» አሉኝ፤ እኔም አዎ ብዬ ጻፍኩ። አታፑ ግን ዝቅ ብሎ ተቀመጠና «ኮሞ ሴ ላስ ቶማ?» አላቸው፤ እንዴት ነው የሚወስዱት ማለቱ ነው። ተነሥተው የብስኩት ቆርቆሮ አመጡ። ከሦስቱ የክኒን ቅጠሎች ሁለቱ አልተነኩም ነበር፤ ሆዳቸውን እያወከባቸው ትተውት ኖሯል። የጻፍኩትን ሰረዝኩ። ከዚያ ወዲህ በአዎና በአይደለም የሚያልቅ ጥያቄ ለታካሚ አቅርቤ አላውቅም።

አንድ አባል (ማድሪድ የተማረ)፦ ቃላቱም ከቦታ ቦታ ይለያያሉ። «ኮንስቲፓዶ» ማለት ጉንፋን የያዘው ማለት ነው።

ሌላ አባል፦ ስህተት ነው! ሜክሲኮ ውስጥ የሆድ ድርቀት ነው።

የማድሪዱ፦ ቋንቋው የተነሣው ከስፔን ነው።

ሌላው፦ ታካሚው ግን ሜክሲኮ ነው ያለው! ደግሞ እናንተ ሁሉንም «ቱ» (አንተ) ትላላችሁ፤ ኮስታሪካ ሕፃኑንም ውሻውንም «ኡስቴድ» (እርስዎ) ይሉታል።

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ክርክሩ ግን ታካሚውን አይጠቅምም። በስንት ቀን እንደሚጸዳዳ ጠይቁት። ቃል ሰምቶ መቸኮል ምን እንደሚያመጣ ላስታውሳችሁ። እ.ኤ.አ. በ1980 ፍሎሪዳ ውስጥ የአንድ የ18 ዓመት ወጣት ቤተሰቦች ልጃችን «ኢንቶክሲካዶ» ሆነ አሉ፤ የበላው ነገር ጎድቶት ይሆናል ማለታቸው ነበር። ሐኪሞቹ አደንዛዥ ዕፅ ወስዷል ብለው ተረዱ። ልጁ ግን አንጎሉ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነበር። ሁለት እጁና ሁለት እግሩ ሽባ ሆነው ቀሩ። አስተርጓሚ አልተጠራም ነበር። የጠረጠራችሁትን ቃል «ምን ማለትዎ ነው?» ብላችሁ መልሳችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ስፓኒሽ ይከብዳል እንዴ?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። እባካችሁ አንብባችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ (የአንደኛ ዓመት ተማሪ)፦ ቁስል መስፋት ያስተምራሉ? ለመለማመድ ነበር።

መልስ፦ በማን ገላ ላይ? እኔም ተሰጥቶኝ ነበር። ቅንድቡ የተሰነጠቀ ልጅ አልጋው ላይ ተኝቷል፣ እናቱ እግሩን ይዛለች፤ አንድ የሥራ ኃላፊ መርፌ መያዣውን አቀበለኝና «ሞክሪ» አለኝ። እጄን ሰበሰብኩ። እናቲቱ ተማሪ መሆኔን አታውቅም ነበር፣ ማንም አልነገራትም። ፊቱ ላይ የሚቀረውን ጠባሳ ተሸክሞ የሚያድገው እሱ ነው፤ እኔ በወሩ መጨረሻ ተሳፍሬ እሄዳለሁ። ደግሜ እላለሁ፦ ያልተፈቀደላችሁን አትሥሩ። መታዘብ፣ ማዳመጥና መጻፍ ራሱ በቂ ሥራ ነው።

ጥያቄ (ያው ተማሪ)፦ እኔ ያገኘሁት ፕሮግራም ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ማዋለድ ይፈቀዳል ይላል። ብሄድ ምን ይመስልሻል?

መልስ፦ አትሂድ። ስፓኒሽህን ተማር፤ ለማዋለድ ተምረህ ፈቃድ ስታገኝ ትደርሳለህ።