«ቀልድ እኮ ነው» ለሚለን ልጅ ምን እንመልስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ወለተ ማርያም ነኝ፣ ከሐዋሳ። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ልጄ ከጓደኞቹ ጋር በቴሌግራም የሚቀባበላቸውን ቪዲዮዎች አየሁ። ያለ ኮንዶም መተኛቱ፣ ሴት መቀያየሩ፣ በማግስቱ ክኒን መዋጡ ሁሉ መሳቂያ ሆኗል። ስቆጣው «እማዬ፣ ቀልድ እኮ ነው» ይለኛል። በዚህ መሳቅ ኃጢአት ነው? ምንስ ልበለው?

መልስ፦ እናታችን፣ ሳቅ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ግን ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ (5፥3-4) ዝሙትን ከከለከለ በኋላ ወዲያው «ዋዛ»ን አስከትሎ ከለከለ። ሁለቱን በከንቱ አላጎራበታቸውም። ሰው ትናንት ስሙን ለመጥራት ያፈረበትን ነገር ዛሬ ሲስቅበት ይለምደዋል፤ የሳቀበትን ደግሞ ነገ መፍራት ያቅተዋል።

እኔን ከዚህ በላይ የሚያስጨንቀኝ ቀልዱ አፍ መዝጋቱ ነው። አንድ ወጣት ከጉባኤ በኋላ ጠብቆኝ ወደ ሐይቁ ዳር እየሄድን የደረሰበትን ነገረኝ፤ የምጽፈውም ፈቅዶልኝ ነው። ነገሩ ከሆነ ሳምንት አልፎታል። ለጓደኞቹ እንዳይናገር፣ በእንዲህ ያለው ሰው ሲስቁ የኖሩ ናቸው፤ እርሱም አብሯቸው ስቋል። ለኤችአይቪ የተጋለጠ ሰው ቫይረሱ እንዳይዘው የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀናት የሚወሰድ ነው። ያ 72 ሰዓት ክፍሉን ዘግቶ ሲያለቅስ አለፈ። አብሬው ለምርመራ ስሄድ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በማግስቱ የሚዋጠውን ክኒንም በተመለከተ ልጅዎ እውነቱን ይወቅ። በጊዜው ከተወሰደ እርግዝናን ይከላከላል፤ ኤችአይቪን፣ ቂጥኝንና ጨብጥን ግን አይከላከልም። ይህን መንገር ልጅን ለዝሙት ማደፋፈር የሚመስላቸው ወላጆች አሉ፤ አልስማማም። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት እስከ ጋብቻ በድንግልና፣ በጋብቻም በመታመን መኖር ነው፤ ይህን ሳናለዝብ እናስተምራለን። የወደቀውን ልጅ ግን በሽታ እንዲጨመርበት አንተወውም። ነፍስ ኄር ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጸበሉ ጋር እንዲወስዱ አስተምረው ነበር።

«ቀልድ ነው» ሲልዎት መጽሐፈ ምሳሌን (26፥18-19) አብራችሁ አንብቡ። ባልንጀራውን አታልሎ «በጨዋታ አደረግሁት» የሚለውን ሰው፣ ፍላጻና ሞት ከሚወረውር እብድ ጋር ያመሳስለዋል። ስልኩን ግን አይንጠቁት፤ ሌላ ስልክ አያጣም። ይልቁንም ከቪዲዮዎቹ አንዱን አብረውት ይመልከቱና «የተሳቀባት ልጅ ከዚያ በኋላ ምን ሆነች?» ብለው ይጠይቁት። መልሱን ሳይቸኩሉ ይጠብቁ፤ ዝም ቢልም ግድ የለም፤ ጥያቄው ከእርሱ ጋር ያድራል።

በዚያው ቀን፣ ቁጣዎ ሲበርድ፣ ይህን ይንገሩት፦ «ልጄ፣ አንድ ነገር ቢደርስብህ ሌሊትም ቢሆን ቀስቅሰኝ። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ንስሐ አባትህ ዘንድ አብሬህ እሄዳለሁ።»