ዐሠርቱ ቃላት ወይስ ዐሠርቱ ትእዛዛት?

ጥያቄ፦ በቤተ ክርስቲያን «ዐሠርቱ ቃላት» ሲባል እሰማለሁ፤ ብዙ ሰው ግን «ዐሠርቱ ትእዛዛት» ይላል። የቱ ነው ትክክል? «እኔ እግዚአብሔር አምላክህ ነኝ» የሚለውስ ከዐሥሩ ይቆጠራል?

መልስ፦ ሁለቱም አነጋገሮች ትክክል ናቸው፤ ጥንታዊው ግን «ቃላት» የሚለው ነው፤ ሁለተኛውን ጥያቄዎን ለመፍታትም መነሻው እርሱ ነው። የዕብራይስጡ ኦሪት በዘፀአት 34፥28፣ በዘዳግም 4፥13 እና 10፥4 ዐሥሩን የሚጠራቸው «ደባሪም» ብሎ ነው እንጂ ትእዛዝን በሚያመለክተው «ሚጽዋ» አይደለም። የ«ደባሪም» ነጠላ የሆነው «ዳባር» ንግግርም ጉዳይም ማለት ነው፤ የእኛው «ነገር» «ነገረ» ከሚለው ግስ ወጥቶ ሁለቱንም እንደሚይዝ ሁሉ።

ልዩነቱ የስያሜ ብቻ አይደለም። «እኔ እግዚአብሔር አምላክህ ነኝ» የሚለው ዐረፍተ ነገር «ነኝ» ብሎ ይታሰራል እንጂ አድርግ ወይም አታድርግ አይልም፤ ስለዚህ ትእዛዝ ለሚቆጥር ሰው ከቍጥሩ ይወጣል፣ ቃል ለሚቆጥር ግን ያለ ችግር ይገባል። አይሁድ የመጀመሪያው ቃል አድርገው የሚቆጥሩት በዚህ መንገድ ነው። ሆኖም በ12ኛው መቶ ዓመት የኖረው አይሁዳዊው ሊቅ ማይሞኒደስ የኦሪትን 613 ትእዛዛት ሲዘረዝር ይህንኑ ቃል በአምላክ መኖር የማመን ትእዛዝ ነው ብሎ በዝርዝሩ መጀመሪያ አኖረው። ከእርሱ በኋላ የተነሣው ሌላው አይሁዳዊ ሊቅ ሐስዳይ ክሬስካስ ግን የአዛዡን መኖር ያልተቀበለ ሰው ከእርሱ ትእዛዝ ሊቀበል አይችልምና ይህ ቃል ትእዛዝ ሳይሆን ለትእዛዛቱ ሁሉ መሠረት ነው ሲል ተቃወመ። የዐረፍተ ነገሩን አገባብ ስለሚጠብቅ እኔ ወደ ክሬስካስ አደላለሁ።

ክርስቲያኖች በአብዛኛው እንደ መግቢያ ስለሚያዩት ዐሥሩን የሚሞሉት በሌላ መንገድ ነው። አውግስጢኖስን የተከተሉት ካቶሊኮችና ሉተራውያን «አትመኝ» የሚለውን ለሁለት ይከፍላሉ፤ የግሪክ ኦርቶዶክሶችና የካልቪን ተከታዮች የተቀረጸ ምስልን የሚከለክለውን ቃል ለብቻው ሁለተኛ ያደርጋሉ፤ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ደግሞ ዐሥረኛው በዘሌዋውያን 19፥18 የሚገኘው «ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» ነው። በዚህ ምክንያት «ስድስተኛው ትእዛዝ» ቢባል አይሁዳዊው «አትግደል» ብሎ ሲረዳ የእኛ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ «አታመንዝር» ብሎ ይረዳል። ስለዚህ የሚጽፍ ሰው ተራ ቍጥሩን ከመጥቀስ ይልቅ ቃሉን ራሱን ቢጠቅስ አንባቢው አይሳሳትም።

አጻጻፉን በተመለከተ «ዐሠርቱ» የግእዝ ቍጥር ስለሆነ የሚስማማው ከግእዙ ብዙ ቍጥር ጋር ነው፦ «ዐሠርቱ ትእዛዛት»። በአማርኛው መሄድ የፈለገ «ዐሥሩ ትእዛዞች» ይበል። «ትእዛዛቶች» እና «ቃላቶች» ግን ብዙውን እንደገና ማብዛት ስለሆነ መታረም አለባቸው።