ቅዳሜን ከዶርም ወጣ ብለሽ

«6 ኪሎ አንደኛ ዓመት ነኝ። ቅዳሜን ተኝቼ አሳልፈውና ሲመሽ ይቆጨኛል። እናንተ ምን ትሠራላችሁ?» ላልሽው እህቴ፣ የኔን ልንገርሽ።

በጠዋት ልብሴን አጥቤ አሰጣለሁ። ከረፈደ ውኃውም ገመዱም ወረፋ ነው። ከዚያ በእግሬ ወደ ሽሮ ሜዳ። ሳሙናና ቅባት እገዛለሁ፣ የሀበሻ ቀሚሶቹን ጥለት እያየሁ እመለሳለሁ። ባልገዛም ደስ ይለኛል።

ከሰዓቱ ግን የሥዕል ነው። እዚያው ግቢያችን ያለውን ሙዚየም አይተሽዋል? ቤቱ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ነበር። መኝታ ክፍላቸው እስከ መታጠቢያው ድረስ ይታያል። እኔን የሚይዘኝ የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቹ ናቸው። ዓይናቸው ትልልቅ፣ ቀጥ ብሎ የሚያይ። አንዱን ብቻ መርጬ ረጅም ሰዓት አየዋለሁ። ስወጣ ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ ያየሁትን በእርሳስ እሞክራለሁ። ሙዚየሙን በአንድ ቀን ለመጨረስ አትሩጪ፣ በየቅዳሜው ትንሽ ትንሽ ይሻላል።

ሥዕል ካልሆነልሽ 4 ኪሎ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለልሽ። ልብ ወለድ ይዘሽ ተቀመጪ፣ የፈተና ደብተርሽን ግን ዶርም ተዪው። መታወቂያሽን ያዢ። ልብስሽንም ሳይመሽ አንሺ።