ኢንሳይድ ዘ ፓርክ ሆም ራንን ከትሪፕል ውስጥ አውጣው

ለቤዝቦል ሲሙሌሽንህ «ከሆም ራኖቹ ላይ ትንሽ ፐርሰንት ቆርጬ ኢንሳይድ ዘ ፓርክ ብላቸው ያስኬዳል ወይ» ነው ያልከው አይደል ወንድሜ? (ኢንሳይድ ዘ ፓርክ ማለት ኳሱ ከሜዳ ሳይወጣ መቺው አራቱንም ቤዝ ዞሮ ሲገባ ነው።) እኔ አልመክርህም። እንደዛ ካደረግክ በዓመት 45 ሆም ራን የሚመታው ግዙፉ ቀርፋፋ ሰውዬ ነው አንደኛ የሚወጣልህ፣ ብዙ ሆም ራን ያለው እሱ ነዋ። አጥር ዘሎ የወጣ ኳስና ግድግዳ ስር የሚንከባለል ኳስ አይገናኙም፣ የሁለተኛው ዘመድ ትሪፕል ነው፣ መቺው ሶስተኛ ቤዝ ድረስ የሚሮጥበት።

እኔ በሠራሁት ጌም መጀመሪያ ትሪፕል ይወጣል፣ ከዛ ሌላ ዳይስ ይጣላል፣ አውትፊልደሩ (ከሜዳው ጀርባ ቆሞ ኳስ የሚያሳድደው) ምን ሆነ? ተወርውሮ ሊቀልብ ሲል አለፈው፣ ኳሱ ግድግዳ መትቶ ባልታሰበ አቅጣጫ ነጠረ፣ ወይስ በደህና አነሳው? አብዛኛውን ጊዜ በደህና ያነሳዋል፣ በቃ ትሪፕል ሆኖ ይቀራል። ካለፈው ግን ሰከንድ መቁጠር ነው። ፈጣን ሯጭ ሶስተኛ ቤዝ ለመድረስ 11 ሰከንድ አካባቢ ይፈጅበታል፣ ባይረን ባክስተን በ2017 ሙሉውን ዞሮ የገባው በ13.85 ሰከንድ ነው፣ እስከዛ ጊዜ ስታትካስት (የሊጉ መለኪያ ሲስተም) ከለካቸው ሁሉ ፈጣኑ። ስለዚህ ኳሱ ከተራ ትሪፕል ሶስት ሰከንድ ገደማ ካልዘገየ እንደ ባክስተን ያለውም አይገባም፣ ለቀርፋፋው ከዛም በላይ።

ታዲያ ፍጥነት ብቻ አይምሰልህ። በጁላይ 2025 ፓትሪክ ቤይሊ (ካቸር ነው እኮ፣ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ኳስ የሚቀልበው፣ ብዙ ጊዜ ቀርፋፋ!) ሳን ፍራንሲስኮ ኦራክል ፓርክ ላይ የመታው ኳስ ቀኝ መሀል ያለውን ግድግዳ መትቶ ወደ ጎን ተፈናጠረና ተጋጣሚዎቹ ፊሊሶች እያሳደዱት እሱ ዞሮ ገባ፣ ጨዋታውም በዛው አለቀ፣ ካቸር እንዲህ አድርጎ ጨዋታ ሲጨርስ ከ1926 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ኢቺሮም በ2007 ኦል ስታር (የኮከቦች ጨዋታ) ላይ ያገኘው እዛው ሜዳ እዛው ጥግ ነው። ለዚህ ነው የስታዲየሙን ቁጥር ሯጩ ላይ ሳይሆን የአውትፊልደሩ ዳይስ ላይ የምጨምረው። የድሮ ዘመን ከሆነ የምትሠራው ደሞ በደንብ ከፍ አድርገው፣ ሜዳዎቹ ሰፋፊ ነበሩ፣ ሳም ክራውፎርድ በ1901 ብቻ 12 መትቷል።

ሰው የሚረሳው ሶስተኛ ቤዝ ጋ የቆመውን ኮች ነው። ሁለት አውት ካለ (ሶስተኛው ሲጨመር የቡድኑ የመምታት ተራ ያልቃል) እጁን እያሽከረከረ ሂድ ይለዋል፣ ምንም አውት ከሌለ ግን ለምን ሪስክ ያደርጋል፣ ያቆመዋል። ከተላከ በኋላም ሆም (መጨረሻው ቤዝ) ላይ አውት የሚሆንበት ዕድል የግድ ይኑር፣ ያኔ ትሪፕል ተብሎ ይመዘገባል፣ ይሄን ካላስገባህ ፈጣኖቹ በነፃ ይዘርፉሃል።

ኤረርስ፣ የተከላካዩ ስህተት? እሱንም ለየው። ኳሱ ጓንት ገብቶ ከወደቀ ብዙ ጊዜ ኤረር ነው፣ ሆም ራን አይባልም። ግን በ2015 ወርልድ ሲሪስ (የሊጉ ፍጻሜ) የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ የኤስኮባር ኳስ የአውትፊልደሩን የሴስፔዴስን እግር መትቶ ሄዶ እንኳን ኤረር አልተባለም፣ ስለዚህ ለስኮረሩም (ምቱ ምን ተብሎ እንደሚመዘገብ የሚወስነው) ትንሽ ዳይስ ስጠው።

ከዛ ጥቂት ሲዝን አስሮጠውና እየው። በአሁኑ ዘመን ዓመቱን ሙሉ አንድም የማያገኝ ቲም ብዙ ነው፣ ያንተ ጌም ላይ ሁሉም ቲም ሶስት አራት እያገኘ ከሆነ የአውትፊልደሩን ዳይስ ዝቅ አድርግ፣ የሯጩን ፍጥነት አትንካ።